በከዚራ ቤት ላይ ምን ይጨመር?

ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ አሮጌ ቤት ያለው ሰው ሦስት ምርጫ ብቻ ያለው ይመስለዋል። አንደኛው አፍርሶ ጂ ፕላስ ምናምን ማቆም ነው። ሁለተኛው በብሎኬትና በአርማታ ከኋላ ወይም ከላይ መቀጠል ነው። ሦስተኛው ዝም ብሎ መቀመጥ ነው፤ ቆርቆሮው እስኪበሳ፣ የበረንዳው ቋሚ እስኪዘም። የኮሪደር ልማቱ ድሬም ሐረርም ከገባ ወዲህ ጥያቄው አጣዳፊ ሆኗል። የመንገዱ ዳር ሲጸዳና ሲቀባ ከጀርባ ያለው ቤት ጉዱ ይበልጥ ይታያል። ቤተሰቡም በዝቷል። ወጥ ቤቱ ጠቧል፣ መታጠቢያው ግቢ ጥግ ነው፣ ያደጉ ልጆች የራሳቸውን ክፍል ይፈልጋሉ።

አራተኛ መንገድ አለ። የድንጋዩን ቤት በድንጋይነቱ መጠገን፣ የጎደለውን ክፍል ደግሞ ቀላል በሆነና አዲስነቱን በማይደብቅ የእንጨት ሥራ ከጎኑ መጨመር። በሌላው ዓለም አርክቴክቶች በአሮጌ ቤቶች ላይ ይህን መሥራት ከጀመሩ ቆይተዋል። እዚህ ሲነሳ ግን ሁለት መልስ ይመጣል። አንዱ "የሀብታም ጨዋታ ነው" የሚል ነው። ሌላው "ድሬ ላይ እንጨት? ለምስጥ ቀለብ ልትሰፍር ነው?" የሚል ነው። ሁለተኛው ስጋት ተገቢ ነው፣ እመለስበታለሁ። የመጀመሪያው ግን የገዛ ከተማችንን ታሪክ መርሳት ነው።

ድንጋይና እንጨት ድሮም ጎረቤት ነበሩ

ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ የሐረርን ተራራ መውጣት ስለከበደው ከታች ሜዳው ላይ ቀረ። አዲሷ ከተማም መጀመሪያ "አዲስ ሐረር" ተባለች። የባቡር ኩባንያው ፈረንሳውያን መሐንዲሶች ከዚራን በቀጥ ያለ መንገድና በዛፍ ጥላ ቀየሱት። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው የመጋላ ሰፈር በራሱ መንገድ፣ በጠባብና በጠማማ ጎዳናዎቹ አደገ። የከዚራ ቤት ዓይነተኛ መልክ ሁላችንም የምናውቀው ነው። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ ከፍ ያለ ኮርኒስ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከፊት ደግሞ ሰፊ በረንዳ። ድንጋዩ ሙቀቱን ያዘገየዋል። እንጨቱ ጥላ ይሠራል፣ ነፋስ ያሳልፋል። ሥራ ተከፋፍለዋል።

ሐረር ላይ ነገሩ የበለጠ ግልጽ ነው። የሐረሪው ቤት ጌይ ጋር ወደ ውጭ ዝምተኛ ነው፤ ግድግዳው የድንጋይና የጭቃ ነው። ሀብቱ ሁሉ ውስጥ ነው፦ ከፍ ዝቅ ብለው የተደረደሩት ነደባዎች (የመቀመጫ መደቦች)፣ ቀዩ ወለል፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሞሰቦችና ሳህኖች። ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ሐረርን ከያዙ በኋላ ደግሞ የህንድ ነጋዴዎች መጡ። እነሱ የሠሩት ቤት ወደ መንገዱ የሚያይ፣ ባለ ፎቅና የእንጨት ሰገነት ያለው ሆነ። ቀስ በቀስ ሁለቱ ተዳቀሉና የሐረሪና የህንድ ቅልቅል ቤቶች ተፈጠሩ። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ እነዚህን የእንጨት ሰገነቶች ለይቶ ጠቅሷቸዋል። የፈረንሳዊው ገጣሚ የራምቦ ቤት የሚባለው ያ ባለ እንጨት ፊት ፎቅም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ራምቦ በእርግጥ ኖሮበታል ወይ የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን እናቆየው።

እንግዲህ ያኔ እነዚህ ሰገነቶች ለጀጎል ሰው ምን ነበሩ? እንግዳ ነገር። አዲስ ፋሽን። የድንጋዩን ቤት አላስመሰሉም፣ አላፈረሱትምም። ከመቶ ዓመት በኋላ ግን እኛው ቅርስ ብለን ቲኬት እንቆርጥባቸዋለን። ዛሬ በድንጋይ ቤት ጎን ዘመናዊ የእንጨት ክፍል የሚያቆም ሰው ባዕድ ነገር አላመጣም። እዚሁ የተጀመረ ነገር ነው የሚቀጥለው።

አርማታው ምን ያደርጋል

ድሬዳዋ የአገሪቱ የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለባት ከተማ ናት። ሲሚንቶ ብትወድ አይፈረድባትም። ችግሩ ሲሚንቶው አሮጌው ቤት ላይ ሲወጣ ነው።

ክብደቱን እናስላ። አንድ ሜትር ኩብ አርማታ 2,500 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። 12 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሶሌታ (የአርማታ ወለል) በአንድ ካሬ ሜትር 300 ኪሎ ሆነ ማለት ነው። ባለ 20 ካሬ ሜትር ክፍል ወለሉ ብቻ 6 ቶን ነው። ይህ ትራቩን (አግዳሚ ተሸካሚውን)፣ የብሎኬት ግድግዳውን፣ ንጣፉንና ሰዉን ሳይጨምር ነው። ተመሳሳይ የእንጨት ወለል ተሸካሚዎቹንና ጣውላውን ጨምሮ በካሬ ከ60 እስከ 80 ኪሎ ቢሆን ነው፤ ጠቅላላው አንድ ቶን ተኩል አካባቢ።

አሮጌው የድንጋይ ግድግዳ ወደ ታች የሚጫነውን ነገር ይችላል። የማይችለው ወደ ጎን የሚገፋውንና አንድ ቦታ ላይ የሚወጋውን ነው። ድንጋዩን ከድንጋይ ያያዘው ኖራ ወይም ጭቃ ነው፣ ፌሮ የለውም። መሠረቱም ጥልቅ ላይሆን ይችላል። እዚህ ላይ ግንበኛው የሚያደርገው ምንድን ነው? ግድግዳውን ይቦረቡርና ኮለን (የአርማታ ምሰሶ) ይተክልበታል። ከዚያ ትራቭ፣ ከዚያ ሶሌታ። አዲሱ ክፍል በራሱ መሠረት ትንሽ ወደ ታች ይቀመጣል፣ አሮጌው ግን ከተቀመጠ መቶ ዓመቱ ነው። ሁለቱ ባንድ ላይ አይንቀሳቀሱም። በመገናኛቸው ላይ ከላይ እስከ ታች የሚወርደው ስንጥቅ ከዚህ የመጣ ነው። ስቱኮ ይሞላል፣ በሚቀጥለው ዓመት ይመለሳል። በግንበኛው ስንፍና ይሳበባል እንጂ ጥፋቱ የአሠራሩ ነው።

መሬቱም ሁልጊዜ ዝም አይልም። ድሬ የተቀመጠችው ከስምጥ ሸለቆው ዳር ነው። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተደጋገመው ርዕደ መሬት ለሁላችንም ማስጠንቀቂያ ነበር። መሬት ሲንቀጠቀጥ ቤቱን የሚገፋው ኃይል ከክብደቱ ጋር ይጨምራል። አናቱ ላይ ከባድ ሶሌታ የተሸከመ፣ ፌሮ የሌለው አሮጌ ግድግዳ የመጨረሻው ደካማ ነው።

ሌላው ብዙም የማይወራለት ልስኑ ነው። በኖራ የተገነባ ግድግዳ እርጥበት ከመሬት ይስባል፣ በገጹ በኩል ደግሞ ይተነፍሰዋል። ባለቤቱ "ላጠንክረው" ብሎ በሲሚንቶ ሲለስነው መተንፈሻውን ይደፍነዋል። ውሃው ውስጥ ይቀራል ወይም ከፍ ብሎ ይወጣል፤ ጨው ይዞ ይወጣና ቀለሙን ይገፋዋል። ከታች በኩል አንድ ክንድ ያህል እየተፋቀ የሚወርድ ግድግዳ ከዚራ ውስጥ ብርቅ አይደለም። መፍትሔው ተጨማሪ ሲሚንቶ ሳይሆን የሲሚንቶውን ልስን አንስቶ በኖራና በአሸዋ መመለስ ነው። አንድ እጅ ኖራ፣ ሦስት እጅ አሸዋ። ሲደርቅ ጊዜ ይወስዳል፣ ቶሎ እንዳይደርቅም እየረጠበ መያዝ አለበት። በድሬ ፀሐይ ይሄ ትዕግስት ይጠይቃል።

ባህር ዛፍ ያለ ስሙ

አሁን ወደ ምስጡ። በእርግጥ ምስጥ አለ፣ ነቀዝም አለ። ነገር ግን በእኛ አገር እንጨት የሚበላሸው በአብዛኛው እንጨት ስለሆነ አይደለም፤ እርጥብ ሆኖ ስለሚገጠምና እግሩ አፈር ውስጥ ስለሚቀበር ነው።

የድሬ ገበያ ላይ የሚወርደው ባህር ዛፍ ከደጋ የመጣ ነው። ከሐረርጌ ደጋ ተቆርጦ፣ ተሰንጥቆ፣ በመኪና የደንገጎን ቁልቁለት ይወርዳል። ከዚያ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለች ደረቅና ሞቃት ከተማ ይገባል። እንጨት የአካባቢውን አየር እርጥበት እስኪመስል ድረስ ውሃ ይለቃል። ሲለቅ ደግሞ ይኮማተራል። በርዝመቱ ምንም አይል፤ በወርዱ ግን 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው እርጥብ የባህር ዛፍ ጣውላ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ሊያጥር ይችላል። ኢንች በማይሞላ ምስማር የያዝከው ጣውላ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፣ ወለሉ ላይ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይከፍታል። ከዚያ "ባህር ዛፍ አይረባም" ይባላል። ባህር ዛፍ ጠንካራ እንጨት ነው፤ ደረቅ እንዲሆን ዕድል የሰጠው የለም እንጂ።

ማድረቅ ሳይንስ ቢሆንም ምሥጢር የለውም። ጣውላው ጥላ ውስጥ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ በየመደቡ መካከል ቀጫጭን እንጨት እየገባ ይደረደራል። አናቱ ላይ ክብደት ይጫንበታል። ጫፍ ጫፉ ቀለም ወይም ሰም ይቀባል፤ እንጨት ቶሎ የሚደርቀውና የሚሰነጠቀው በጫፉ ነው። ፀሐይ ላይ መዘርጋት ፈጽሞ አይሆንም። ደርቋል ወይ የሚለውን ለማወቅ ውድ መሣሪያ የግድ አይደለም። ከክምሩ መሐል አንድ ቁራጭ አውጥቶ በየሳምንቱ መመዘን ነው። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም እንጨቱ ከድሬ አየር ጋር ታርቋል። እዚሁ ድሬ መድረቁ ነው ቁም ነገሩ። አዲስ አበባ ላይ "ደረቅ ነው" ተብሎ የተሸጠ ጣውላ እዚህ ሲደርስ ገና ይቀረዋል።

አናጢዎቻችን ከጥንት ጀምሮ ጥድን የሚመርጡት በምክንያት ነው። የሐበሻ ጥድ ምስጥን በራሱ ይቋቋማል። ግን በየሱቁ እንደ ልብ የሚገኝበት ዘመን አልፏል፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅም ጥድን፣ ዝግባን፣ ዋንዛንና ኮሶን ከመንግሥት ደን መቁረጥን ከልክሎ ነበር። ለአዲስ ክፍል ተብሎ አሮጌ ጥድ የሚቆረጥ ከሆነ ሥራው ባይሠራ ይሻላል። አሮጌው ጥድ ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ በሚፈርሱ ቤቶች ጣሪያ ውስጥ። በየጊዜው ለማገዶ የሚሸጠው የጣሪያ ማዋቀሪያ ለአሥርተ ዓመታት የደረቀ፣ የማይጣመም እንጨት ነው። ምስማሩን ነቅሎ መጠቀም ነው።

አንድ ሌላ ሐሳብ ልጣል። በዙሪያችን ያለውን ቆላ የወረረው ፕሮሶፒስ አለ። በረሃማነትን ይከላከላል ተብሎ ገብቶ የግጦሽ መሬቱን የበላው እሾሃም ዛፍ። ለከሰል ብቻ ነው የምናውቀው። እንጨቱ ግን ጠንካራ ነው፤ ሲደርቅ የሚኮማተረውም ከአብዛኞቹ እንጨቶች በጣም ያነሰ ነው። ዘመዱ የሆነው የአሜሪካው ሜስኪት ለወለል ንጣፍ ተፈላጊ ነው። ጉድለቱ ጠማማና አጭር መሆኑ ነው፤ ተሸካሚ አይወጣውም። ለወለል ንጣፍ፣ ለፍርግርግ፣ ለደረጃ መርገጫ ግን አጭሩ ይበቃል። ዘሩን ይዞ ከተማ ማስገባት ብቻ አያስፈልግም።

ስለ ምስጥ መከላከያ የሚሰጠው የተለመደው መልስ የተቃጠለ ዘይት ነው። ለአጥር ቋሚ ይሁን። ሰው የሚተኛበት ክፍል ውስጥ ግን ሽታው፣ ጤናውና እሳቱ አያስኬድም። በጣሪያ ሥር ላለና ዝናብ ለማያገኘው እንጨት ቦራክስ የሚባለው ጨው የተበጠበጠበት ውሃ ይሻላል፤ እንጨቱ ውስጥ ይሰርጋል፣ ሽታ የለውም። ዝናብ ካገኘው ግን ታጥቦ ይሄዳል። ከሁሉ በላይ የሚሠራው ቀላሉ ነገር ነው። የቋሚው እግር አፈር አይንካ። የድንጋይ ወይም የአርማታ እግር ላይ፣ በብረት ጫማ፣ ከመሬት ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ምስጥ በአየር አይበርም ማለቴ አይደለም፤ ከመሬት የሚመጣው ግን የጭቃ መንገድ ሠርቶ ነው የሚወጣው። እግሩ ባዶና የሚታይ ከሆነ መንገዱን በጊዜ ታየዋለህ፣ ትጠርገዋለህ።

ቀን ድንጋይ ውስጥ፣ ሌሊት እንጨት ውስጥ

እዚህ ላይ ከውጭ የሚቀዱ ዲዛይኖች የሚስቱት ነገር አለ። የሰሜን አውሮፓ የእንጨት ክፍል ትልቅ መስታወት አለው፣ ፀሐይ እንዲገባ። ያንን ድሬ ላይ ብትሠራው ዳቦ የሚጋገርበት ክፍል ነው የሚወጣህ።

ወፍራም ድንጋይ የቀኑን ሙቀት ቀስ ብሎ ነው የሚያስገባው። ከሰዓት በኋላ ውጭው ሲነድ ውስጡ ገና ልከኛ ነው። ችግሩ ሌሊት ነው። ሌሊት ድንጋዩ የጠጣውን ሙቀት ወደ ክፍሉ ይመልሰዋል። በግንቦትና በሰኔ የድሬ ሰው ፍራሹን ወደ በረንዳና ወደ ግቢ የሚያወጣው ለዚህ ነው። እንጨት ተቃራኒ ጠባይ አለው። ሙቀት አያጠራቅምም። ቀን ቶሎ ይሞቃል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ቶሎ ይቀዘቅዛል።

ስለዚህ ሥራውን ማከፋፈል ነው። ሳሎኑ፣ መመገቢያው፣ ከምሳ በኋላ በርጫ የሚያዝበት ክፍል ድንጋዩ ውስጥ ይቆይ። መኝታ ክፍሎቹ ወደ እንጨቱ ይሂዱ። የእንጨቱ ግድግዳ በከፊል ተከፍቶ የሚዘጋ ፍርግርግ ይሁን። ፍርግርጉ በቀጫጭን እንጨት ቢሠራ ሌላም ጥቅም አለው፤ ቀጭን እንጨት ሲኮማተርም የሚያጥረው ጥቂት ነው። ጣሪያው ደግሞ ድርብ ይሁን። ቆርቆሮው ከኮርኒሱ በላይ ከፍ ብሎ፣ በመካከላቸው ነፋስ የሚያልፍበት ክፍተት ኖሮ። ቆርቆሮ ከኮርኒሱ ጋር ከተጣበቀ ምንም እንጨት አያድንህም። የጣሪያው ክንፍ አንድ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ወጣ ቢል ፀሐይንም ዝናብንም ከግድግዳው ያርቃል።

እሳትን የሚያነሱ አሉ፤ ልክ ናቸው። ግን ወፍራም እንጨት ሲቃጠል ገጹ ይከስላል፣ ከሰሉም ውስጡን ይከልለዋል። የሚከስለው በደቂቃ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። የሚያሰጋው ቀጭኑ ጣውላና በኮርኒሱ ውስጥ የተዝረከረከው የመብራት ገመድ ነው። ገመዱ በቱቦ ይለፍ። ከሰል የሚነድበት ወጥ ቤት ደግሞ በድንጋዩ ወገን ይቅር።

አይጣበቅ፣ አይመሳሰል

ከሁሉ በፊት አሮጌው በረንዳ ይጠገን። ብዙ ጊዜ ሙሉ ቋሚው በስብሷል ተብሎ ይጣላል። የበሰበሰው ግን የታችኛው አንድ ክንድ ነው። ግቢው ሲሚንቶ በተደረበ ቁጥር ከፍ እያለ የቋሚውን የድንጋይ እግር ቀብሮታል፣ ውሃው እዚያ ይተኛል። ጥሩ አናጢ የበሰበሰውን ቆርጦ በሰያፍ ቅጥል፣ በቡሎን አዲስ እግር ይቀጥልለታል። ቅጥሉ ይታያል። ይታይ! ምን ያሳፍራል?

አዲሱ ክፍል ደግሞ በራሱ እግር ይቁም። አሮጌው ግድግዳ ላይ አይደገፍ፣ ምስማርም አይመታበት። በመካከላቸው አንድ መዳፍ የሚያህል ክፍተት ቀርቶ በላሜራ ይሸፈን፤ ላሜራው አንድ ወገኑ ነፃ ይሁን፣ ሁለቱ ቤቶች ሲንቀሳቀሱ እንዳይቀደድ። መገናኛው ጠባብ መተላለፊያ ቢሆን ይመረጣል። በር ለማውጣት ግድግዳ መስበር አያስፈልግም፤ ካሉት መስኮቶች የአንዱን የታችኛውን ክፍል ብቻ አውርዶ በር ማድረግ ይቻላል። የመስኮቱ አናት ሳይነካ፣ ስፋቱ ሳይጨምር። ከላይ ያለውን ድንጋይ የተሸከመው እሱ ነውና።

ተሸካሚው ረጅምና ወፍራም እንጨት ከየት ይምጣ? በውጭ በሙጫ የተደራረበ እንጨት ከተለመደ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ጀርመን ውስጥ ፓተንት የወጣለት በ1906 እ.ኤ.አ. ነው። እንደ ሶሌታ የሚነጠፈው ተደራራቢ ጣውላ ደግሞ በ1990ዎቹ ኦስትሪያና ጀርመን ውስጥ የጎለበተ ነው። እነዚህን እዚህ ድሬ አሸዋ የሚባለው ገበያ ወጥተህ አትገዛቸውም። ሐሳቡን ግን መውሰድ ይቻላል። ሦስት የደረቁ ጣውላዎች ጎን ለጎን በቡሎን ሲታሰሩ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል፤ አንዱ ላይ ያለ አንጓ ወይም ስንጥቅ ብቻውን ቤት አይጥልም። ልኩን ግን መሐንዲስ ያስላው። በተለይ ጣሪያውን ከመሠረቱ ጋር የሚይዘውን ማሰሪያ። ቀላል ቤት የሚፈራው ክብደትን ሳይሆን ነፋስን ነው፤ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት የሚነሳውን የድሬ አውሎ ነፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል።

መልኩስ? ቬኒስ ላይ በ1964 እ.ኤ.አ. የወጣው የቅርስ ጥገና ቻርተር በአሮጌ ሕንፃ ላይ የሚጨመር ነገር ከአሮጌው ተለይቶ የዘመኑን ምልክት እንዲይዝ ይላል። ይህ ለእኛ ከተማ በጣም የሚያስፈልግ ምክር ይመስለኛል። አሁን አሁን "ታሪካዊ" ለመምሰል ተብሎ በሲሚንቶ የሚቀረጸው የውሸት ቅስት፣ በፋብሪካ የሚወጣው የሲሚንቶ የበረንዳ መከለያ በዝቷል። ያ አሮጌውን ያረክሰዋል። ተራ፣ ቀጥ ያለ፣ ዘንድሮ መሠራቱ በግልጽ የሚታይ የእንጨት ክፍል ይሻላል። ቁመቱ ከአሮጌው የጣሪያ ከንፈር ዝቅ ይበል፣ ቦታውም ከኋላ ይሁን። መንገደኛው የሚያየው ያንኑ የድሮውን ፊት ነው።

ደቻቱ ዳር ያለ ቤት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የ1998ቱን ክረምት ጎርፍ የሚረሳ የድሬ ሰው የለም። እዚያ ከክፍሉ በፊት የውሃው መንገድ ይታሰብ።

ቤቱ የማን ነው?

እስካሁን ያወራሁት ባለቤት እንዳለ አድርጌ ነው። እውነቱ ግን ብዙው አሮጌ ቤት በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ከተወረሰ ወዲህ የቀበሌ ወይም የመንግሥት ኪራይ ቤት ሆኗል። ተከራዩ ዕድሜ ልኩን ኖሮበታል፣ ልጆቹን አሳድጎበታል። ባለቤት ግን አይደለም። ነገ የማይሆንለትን ቤት ኮርኒስ በራሱ ገንዘብ ይቀይር ማለት ከባድ ነው። አከራዩም የሚሰበስበው ኪራይ ለአንድ አሸንዳ አይበቃም። ቤቶቹን ከምስጥ በላይ የጎዳው ይህ ይመስለኛል።

ሕጉ በበኩሉ ሁለት በር አለው። የግንባታ ፈቃዱ የሚታየው በሕንፃ አዋጁ ነው። ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ደግሞ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ፤ ያለ ቅድመ ፈቃድ ጥገና አይደረግም። ይዞታው በግል የሆነ ሰው ቅርሱን በራሱ ወጪ የመጠበቅ ግዴታም አለበት። ግዴታው ግልጽ ነው፣ ድጋፉ ግን ብዙ ጊዜ አይታይም። ጀጎል ውስጥ ደግሞ ጥበቃው ከቤቱ አልፎ የመንደሩን መልክ ሁሉ ይመለከታል። ስለዚህ እዚያ የእንጨት ጭማሪ ማሰብ ያለበት ሰው በግቢው ውስጥ፣ ከመንገድ ሳይታይ ነው።

ፈቃድ ሰጪው ዘንድ አንድ የአስተሳሰብ ችግርም አለ። እንጨት ሲባል ጭቃ ቤት፣ ጊዜያዊ መጠለያ ይታሰባል። ጎረቤትም እንዲሁ ነው፦ "ገንዘብ አጥሮት ነው" ይላል። አናጢው ራሱ ሙያውን ትቶ የአርማታ ፎርም መቺ ሆኗል፤ በርና መስኮቱን አሉሚኒየም ወስዶበታል። የሚገርመው፣ ያን ሁሉ አርማታ እስኪጠና ድረስ ደግፎ የሚይዘው ባህር ዛፍ ነው። ሥራው ሲያልቅ ለማገዶ ይሸጣል።

ወጪውን በቁጥር አልናገርም፤ ዋጋው በየሳምንቱ ይለዋወጣል። ገንዘቡ የሚሄደው ግን ወደ አናጢው ጉልበትና ወደ ማድረቂያው ጊዜ መሆኑን ማወቅ ይጠቅማል። ከአናጢ ጋር ስትዋዋል እንጨቱን አስቀድመህ ራስህ ግዛ፣ ራስህ ግቢ አስደርድረህ አድርቅ። "እኔ አመጣዋለሁ" የሚልህ ሰው የሚያመጣው ትናንት ደንገጎን የወረደውን ነው።

የቀበሌ ቤት ተከራይ ለሆነ ሰው የእንጨቱ መንገድ አንድ ተጨማሪ ጥቅም አለው። በቡሎን የታሰረ፣ በራሱ እግር የቆመ ክፍል ይፈታል፣ ይነሳል፣ ሌላ ቦታ ይቆማል። ይህ እንዲሆን ግን ሥራው ከመጀመሩ በፊት አከራዩ በጽሑፍ መስማማት አለበት። ስዕሉና የአሮጌው ግድግዳ ፎቶ ከውሉ ጋር ይያያዝ፤ ኪራዩ ሲቋረጥ ጭማሪው የማን እንደሚሆን በአንድ መስመር ይጻፍ። ውሉ ሳይፈረም እንጨት አይገዛ።